የዱርና የበረት ሥጋ

ሰው ሥጋን የሚያገኝበት በር ሦስት ነው፤ አንዱ ዱር ነው፤ ሁለተኛው በረት ነው፤ ሦስተኛውም ገበያ ነው። ከዱር የሚያገኘውን በእግሩና በዓይኑ ያገኘዋል፤ ከበረት የሚያገኘውን በትዕግሥት ያሳድገዋል፤ ከገበያ የሚያገኘውን ግን በገንዘቡ ብቻ ይወስደዋል። ስለዚህ በገበታ ላይ ሲቀርቡ ሦስቱም ሥጋ ቢባሉ፣ ወደ ገበታ የመጡበት መንገድ አንድ አይደለም። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በከተማ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ አንዱ የዱሩ ንጹሕ ነው ይላል፤ ሌላውም የቄራው የተመረመረ ነው ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ግን ከጣዕምና ከጤና አልፎ ወደ እውነትና ወደ በረከት ይደርሳል፤ ይህንንም በጎንደር ከተማ የሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር በገዛ ቤታቸው አይተውታል።

አስቀድሞ በመጽሐፍ የተፈቀደውን መመልከት ይገባል። በኦሪት ዘዳግም ይበሉ ዘንድ በስም የተቈጠሩት እንስሳት ዐሥር ናቸው፤ ከእነርሱም ሦስቱ፣ በሬና በግ ፍየልም፣ የቤት ናቸው፤ ሰባቱ ግን እንደ ዋላና እንደ ሚዳቋ ያሉ የዱር ናቸው። እንግዲህ ሕጉ ድንበር ያደረገው በዱርና በቤት መካከል አይደለም፤ ሰኰናው በተሰነጠቀውና በሚያመሰኳው፣ እንዲሁ ባልሆነውም መካከል ነው። ድኩላ ሲበላ ከርከሮና ጥንቸል የማይበሉት ስለዚህ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያንም አዳኝ የያዘውን አውሬ ወይም ወፍ ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድነው ታዝዟል። የቀድሞ አዳኞች አውሬው በጥይት ሲወድቅ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ቢላዋ ይዘው ይሮጡ ነበር፤ ደርሰው በሥላሴ ስም ካልባረኩት ግን ድካማቸው ሁሉ ለውሻና ለጅብ ይቀር ነበር። የሰሎሞንም ገበታ በመጽሐፈ ነገሥት ሲነገር፣ በየቀኑ ዐሥር የሰቡ በሬዎች፣ ሃያም ከመስክ የመጡ በሬዎች፣ መቶም በጎች ይቀርቡበት እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ዋላና ሚዳቋም በዚያ ላይ ይጨመሩ ነበር። ጠቢቡ ንጉሥ ሁለቱን በአንድ ገበታ አኖራቸው እንጂ አንዱን በሌላው አልነቀፈም።

ጣዕማቸው ግን ይለያያል፤ ምክንያቱም ግልጥ ነው። የዱር እንስሳ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ጠላቱንም ይሸሻል፤ ስለዚህ ሥጋው ጠቈር ያለ ቀይ፣ ስቡም ጥቂት ነው። ድኩላ ቅጠልና ቀንበጥ ይበላል፤ የበላውም ነገር በሥጋው ላይ ሽታውን ይተዋል። ለእርድ የሚቀለብ ሰንጋ ግን ታስሮ ይውላል፤ ፋጉሎና እህል ይበላል፤ ስቡ በሥጋው መካከል ይገባና ሥጋው ይለሰልሳል። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን ከደጁ አስሮ ከማሳው የሳሳውን ማሽላ እየነቀለ በእጁ ያበላዋል፤ የሐረር ሰንጋ በገበያ የተከበረው በዚህ ድካም ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ፍየል ቆማለች። ማታ ከሰው ቤት ታድራለች፤ ቀን ግን ገደል ወጥታ እንደ ሚዳቋ ቀንበጥ ትቀነጥባለች፤ ስለዚህ ከቤት እንስሳት ሁሉ ሥጋዋ ወደ ዱሩ የሚቀርብ የእርስዋ ነው። ርብቃ ለይስሐቅ መብል ስታዘጋጅ ከመንጋው ሁለት የፍየል ግልገሎችን መምረጧ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ስለ ጤናም ቢሆን አንዱን ወገን ብቻ ማመስገን አይቻልም። የኮሶ ትል ዕንቍላል ከሰው ወጥቶ በሣር ላይ ይወድቃል፤ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ በጡንቻውም ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰውም ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል። የቄራው መርማሪ ልብንና ምላስን፣ የመንጋጋንም ሥጋ እየሰነጠቀ የሚያየው ይህን ለማግኘት ነው፤ ያለፈውንም ሥጋ በማኅተም ያትመዋል። የአዳኝ ሥጋ ግን ማኅተም የለውም፤ የሚመረምረው የአዳኙ ዓይን ብቻ ነው። አባ ሰንጋ የሚባለው ደዌ በሬውንም አጋዘኑንም ይገድላል፤ ሞቶ የተገኘውንም የሚበላ ሰው ከሥጋው ጋር ሞቱን ይበላል። እንግዲህ ዱር ስለሆነ ብቻ ንጹሕ፣ ገበያ ስለሆነም ብቻ ርኩስ የሚሆን የለም።

የዱሩና የበረቱ ዕጣ አንድ መሆኑንም አገራችን በክፉ ቀን አይታዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት በሽታ ደስታ ይባላል፤ ስሙ ሰም ነው፤ ወርቁ ኀዘን ነው። በረቱን ሁሉ ባዶ አደረገው፤ ወደ ዱርም ገብቶ ጎሹን አልማረም። አራሽ በሬ ስለ ጠፋ እርሻ ቆመ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየውም ረኃብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ያን ጊዜ በረቱ ቢጎድል ዱሩ ይመግበናል ብሎ የወጣ ሰው ዱሩንም እንደ በረቱ ጎድሎ አገኘው። ይህ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከላይ የተጠቀሱት መምህር ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት አልፏል። አባታቸው በሰሜን ቆላ ያደጉ፣ በወጣትነታቸውም በአዳኝነት የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲከለል ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ሰቀሉ፤ በዓለም ሁሉ ከዚያ ተራራ በቀር የማይገኘው ዋልያ ሊጠፋ መቃረቡን በዓይናቸው አይተው ነበርና አላጉረመረሙም። በ1999 ዓ.ም. የወጣውም የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ የአደን ሥጋ በቤታቸው የቀድሞ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

እኚህ ሽማግሌ በአንድ ክረምት ታመው በልጃቸው ቤት ተኙ። እህል እንቢ አላቸው። የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ ዶሮ ተሠራላቸው፤ አልቀመሱትም። ከሥጋ ቤት ለስላሳ ሥጋ ተገዝቶ ቀረበላቸው፤ እርሱንም መለሱት። ከዚያም አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው፣ "ልጄ፣ የአደን ሥጋ አማረኝ፤ ጥቂት ብቀምስ ነፍሴ ትመለስ ነበር" አሉ።

መምህሩ ተጨነቁ። ሕግ አፍርሰው ማስገደል አይሆንላቸውም፤ የአባትንም የመጨረሻ ምኞት ባዶ መመለስ ከበዳቸው። ባለቤታቸው ጭንቀታቸውን አይተው፣ "የአባባ ዓይን ደክሟል። አንድ ፍየል ገዝተን፣ ስቡን አንሥተን፣ በጢስ አድርቀን ብንሠራላቸው ምን ይለዩታል? ደስ ብሏቸው ይበሉ እንጂ" አሏቸው። መምህሩ መልስ አልሰጡም፤ ዝምታቸውም ፈቃድ ሆኖ ተቈጠረ። የይስሐቅንና የያዕቆብን ታሪክ ለደቀ መዛሙርት ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ ታሪኩ በገዛ ጓዳቸው ሲሠራ ቁመው ተመለከቱ።

ቅዳሜ ገበያ ከቆላ የወጣ ፍየል ተገዛ። ጎረቤት ባርኮ አረደው። እመቤቲቱም ሥጋውን በቀጭኑ ዘልዝለው በወይራ ጢስ ላይ ሰቀሉት፤ ከሦስት ቀንም በኋላ ቋንጣውን ወጥ አድርገው አቀረቡ። ሽማግሌው ገና ሽታው ሲደርሳቸው ቀና አሉ። ጎረሱ፤ ደገሙም፤ ለብዙ ቀን እንቢ ያላቸው እህል ያን ቀን በጀላቸው።

"ይህ ከወዴት ተገኘ?" ብለው ጠየቁ።

"ከቆላ የመጣ ነው፣ አባባ" አሉ መምህሩ።

ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ፍየሉ በእውነት ከቆላ መጥቷልና። ነገር ግን የሚሰማው ሰው ሌላ እንዲያስብ ሆኖ የተነገረ ነው። ሰምና ወርቅን ለምስጢር ሲገለገሉበት የኖሩ መምህር ያን ጊዜ ለማታለል ተገለገሉበት። ሽማግሌው ገበታው ከፍ እንዳለ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያም ሊመርቁ ቀኝ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ሊጭኑ አነሡ። የዚያን ጊዜ መምህሩ እጁን ይዘው፣ "አባባ፣ ይቈዩ። ፍየል ነው። ከገበያ ገዝቼው ነው። በቃል አታለልሁዎ" አሉ፤ ድምፃቸውም ተቈረጠ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ "አውቄዋለሁ" አሉ። "እኛ በቆላ ስናድን የምናነድደው ግራር ነበር፤ ይህ ሥጋ ወይራ ወይራ ይላል። ዓይኔ ቢደክም አፍንጫዬ አልደከመም። እስክትነግረኝ ጠበቅሁህ። ባትነግረኝም እመርቅህ ነበር፤ ምርቃቱ ግን በገንዘብ እንደ ተገዛ ይሆንብህ ነበር።"

መምህሩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አባትም ነገራቸውን በመቀጠል፣ "ደግሞም ያማረኝ ሥጋው ብቻ አይደለም። አደን የቀናው ሰው ብቻውን አይበላም ነበር። አንዱ ሲገድል መንደሩ ሁሉ ይቀምሳል፤ ለባልቴቲቱም፣ መውጣት ለማይችለውም ይላካል። እናንተ በሚዛን ገዝታችሁ፣ በር ዘግታችሁ ትበላላችሁ" አሉ። ልጃቸው በከተማም ቅርጫ እንዳለ፣ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው በመደብ እንደሚከፋፈሉና ዕጣ እንደሚጣጣሉ ነገሯቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፣ "ገንዘብ የሌለው ዕጣው የት ይወድቃል?" ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ከቋንጣው የተረፈው ያን ማታ ከግንቡ በስተኋላ ለምትኖር አንዲት ድኻ ሴት ተላከ፤ መልእክተኛው እንደ ተመለሰም ሽማግሌው ልጃቸውን አንበርክከው መረቁ።

ሽማግሌው በጥቅምት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ በመምህሩ ቤት ቅርጫ ሲገባ አንድ መደብ ገንዘብ ላላዋጣ ሰው ይወጣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጎረቤቶች አጉረመረሙ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን እነርሱም አዋጡ።

እንግዲህ የዱር ሥጋ ይሻላል ወይስ የበረት ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እንዲህ ነው። ለጣዕሙ ዱርን ቢመርጥ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ዱሩ ለሁሉ አይበቃም፤ ደግሞም አባቶች የበሉትን ልጆች ቢያንስ በዓይናቸው እንዲያዩት ሊጠበቅ ይገባል። ለጤናው የተመረመረውን ቢመርጥ ጥበብ ነው። ከየትም ቢመጣ ግን የሚበላው ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ስለ ሥጋው የተነገረው ቃል እውነት ነውን? ከእርሱስ የቀመሰ ሌላ ማን አለ? እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ የሰሎሞን ገበታ እንኳ በረከት የለውም፤ ሁለቱ ካሉ ግን የገበያ ፍየል ይበቃል።