መምህሩን ጠይቂ

ቢቸና፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ደጀን ላይ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመራ እኛ ወደ ቢቸና ታጠፍን። ጥቁሩ መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ተሳፋሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያወራው ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ባለፈው ወር በወጣው ውጤት፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። ከመቶ አራት እንኳ አይሞሉም።

ያረፍኩበት ቤት ልጅ ካለፉት አንዷ ናት። ጎረቤቱ ከወዲሁ «ዶክተር» እያለ ይጠራታል፤ የእሷ ልብ ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ፣ ከሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ከአይቲ ሥራ ያለው የትኛው ነው?»

ቤተሰብ በሬ ሸጦ ልጅ በሚያስተምርበት አገር ሥራውን አስቀድሞ ማሰብ ነውር የለውም። የማውቀውን ነገርኳት። ኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብ ይፈልጋል፤ አልጎሪዝሙን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ኮምፓይለሩን ከሥሩ ያስተምራል፤ አራት ዓመት ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አንድ ዓመት ይጨምራል፤ ትልቅ ፕሮግራም በቡድን እንዴት እንደሚነደፍ፣ እንደሚጻፍና እንደሚፈተሽ ላይ ያተኩራል። አይቲ ወደ ኔትወርክ፣ ወደ ሰርቨርና ወደ ጥገና ያዘነብላል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል። መነሻቸው ላይ ብዙ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ፕሮግራም መጻፍን አጥብቆ የያዘ ልጅ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሒሳቡን የዘለለ ግን በኋላ መመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ ሒሳብ ለምትወድ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስን አስቀድማለሁ።

አጎቷ መሪጌታ ናቸው፤ እዚሁ ቅርብ ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ። ዝም ብለው ሲያዳምጡን ቆዩና፣ «የኛ ተማሪ እኮ የትምህርቱን ስም ሰምቶ ብቻ አይደለም የሚሄድ» አሉ። «ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይወርዳል። ምስክሩ ያለ እዚያ ነዋ! መምህሩን ትጠይቅ።»

ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ይጠቅማታል። አንድ ዓይነት ስም የተሰጠው ዲፓርትመንት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ላቡ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስንት ናቸው? ማታ ክፍት ነው? ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ገቡ? ዩኒቨርሲቲውን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል እንጂ አይወስንም። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ግን እዚያ ከገቡ በኋላ፣ በፍሬሽማን ውጤት ነው። ስለዚህ ነባር ተማሪዎች ዘንድ ሄዳ ለመጠየቅ ጊዜ አላት። ከዘንድሮ ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ደካማ ትምህርት ክፍል ውስጥ የገባ ልጅ ዕዳውን የሚከፍለው ያኔ ነው።

ሞጣ

ደብረ ወርቅን አልፈን፣ ጮቄን በግራ እያየን ሞጣ ገባን። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የአይቲ ተመራቂ ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የሞባይል ጥገና ይሠራል። እኔ ቁጭ ባልኩበት ለአንዷ የሥራ ማመልከቻ ጻፈላት፤ ለአንድ ገበሬ የስልኩን ቻርጅ መሰኪያ ቀየረለት፤ ለሌላው የልጁን ውጤት ከኢንተርኔት አወጣለት። ይህ ሥራ ከተማዋን በእውነት ያገለግላል፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ለአራት ዓመት ትምህርት ግን ጠባብ ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

«ወረዳ ላይ የአይሲቲ ባለሙያ መደብ አለ፤ አንድ ሰው ከያዘው በኋላ ግን ቶሎ አይለቅም» አለኝ። «ባንኮቹ እዚህ ቅርንጫፍ ከፍተዋል፤ ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሱት ልጆች ያሉት ግን አዲስ አበባ ነው። ከሞጣ ሆነህ ለውጭ ድርጅት ሥራ ይሉናል፤ ክፍያው በምን በኩል ይምጣ? ፔይፓል እዚህ ገንዘብ አይቀበልም።»

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ተመራቂ ሥራ እስኪያገኝ የሚያድርበት አለው፤ የሌለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተመሳሳይ ዲግሪ ይዘው የወጡ ሁለት ልጆችን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ያናድደኛል። የባንክም ሆነ የመንግሥት ሲስተም ቡድን ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ቢቀመጥ ቴክኒኩ የሚከለክለው ነገር የለም።

ማታ ቢቸና ደወልኩና ተመራቂውን ከልጅቷ ጋር አገናኘሁት። ላፕቶፕ የግድ እንደሆነ ጠየቀችው።

«የግድ ነው» አላት። «ሁለተኛ እጅም ቢሆን የራስሽ ይሁን። ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ይበቃሻል። ላቡ ሲዘጋም፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ፕሮግራም ትጽፊበታለሽ። እኔ የራሴን ያገኘሁት ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ነበር።»

አባቷ ስልኩን ተቀበሉ። «ዋጋው ስንት ይሆናል፣ ልጄ?»

ነገራቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ጤፉን ሳንሸጥ ደረስህልን» አሉት።