አሬይ ይሁን ሊንክድ ሊስት?

የኔትወርክ ስዊች ድራይቨር ስትጽፉ በጣም የሚያጨቃጭቀው ሃርድዌሩ አይመስለኝም። "መረጃውን በምን እንያዘው?" የሚለው ነው። እኔና አብሮኝ የሚሠራው የጅጅጋ ልጅ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ ከረምን። ሥራው ለአንድ ትምህርት ቤት ነው። ባለ አምስት ፖርት አንዲት ሳጥን የፈተናውን ኮምፒውተርና የተማሪዎቹን ክፍል በቪላን ትለያለች። ድራይቨሩ ከተሳሳተ ተማሪው የፈተናው ኮምፒውተር ላይ ዘው ይላል። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

እሱ ሊንክድ ሊስት ነው ያለው። ምሳሌውን ከአገሩ አመጣው፦ "አብቲርሲ ታውቃለህ አይደል? እኛ ሶማሌዎች ከልጅነታችን የአባት የአያቶቻችንን ስም እንቆጥራለን። እያንዳንዱ ስም ወደ አባቱ ይመራሃል። ልጅ ሲወለድ ከፊት ትጨምረዋለህ፣ ሌላውን አትነካም።"

ግሩም ምሳሌ ነው። እኔም በዚያው መለስኩለት፦ "ዋላል፣ አሥረኛውን አያትህን ብጠይቅህስ? ዘጠኙን ሳትጠራ አትደርስም።" ሳቀ፣ ግን አልተረታም።

የእኔ ሐሳብ ቢትማፕ ነበር። የቪላን መለያ 12 ቢት ነው፤ ማለትም 4096 ቁጥሮች። ለአንድ ፖርት 512 ባይት፣ ለአምስቱ ሁለት ኪሎ ባይት ተኩል ብቻ። "ይሄ ቪላን አለ ወይስ የለም?" ለሚለው መልሱ በአንድ እርምጃ ይገኛል።

እሱ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "ታግ ይኑረው አይኑረው የሚለውን የት ትጽፈዋለህ? አንዱን ቪላን ሁለት ፈላጊ ይዞት አንዱ ቢለቀውስ?" ክርክሩን ወደፊት የገፋው ይህ ነው። ቢት ወይ 1 ወይ 0 ናት፤ ስንት ፈላጊ እንዳላት አትቆጥርም።

የሊኑክስ ከርነልም ይህንኑ መንገድ ሄዶበታል። ብሪጁ ቪላኖችን በቢትማፕ ይይዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱ መዝገብ ተሰጠውና ወደ ሃሽ ቴብል ተዛወረ። በ2019 ደግሞ ዲኤስኤ የሚባለው የስዊች ክፍል ፖርቶቹን ከአሬይ አውጥቶ ወደ ሊስት ወሰዳቸው። በ2021 እዚያው ዲኤስኤ ውስጥ ወደ ሲፒዩ ለሚያመሩ የማክ አድራሻዎች የፈላጊ ቆጠራ ተጨመረ። አንዱ ወደ ሃሽ፣ ሌላው ወደ ሊስት! ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም ማለት ነው።

ፍጥነትስ? ከቺፑ ጋር የምንነጋገረው በኤምዲአይኦ ነው። በተለመደው 2.5 ሜጋኸርዝ አንድ ሬጅስተር ለማንበብ 64 ቢት ያልፋል፤ ወደ 26 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሲፒዩው አጭሯን ሊስት ደጋግሞ ዞሮ ይጨርሳል። በናኖሰከንድ የምንጣላው ደጅ ላይ የቆመውን ዘገምተኛ ረስተን ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ፖርቶቹ በአሬይ፣ በእያንዳንዱ ፖርት ሥር አጭር ሊስት፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የቪላኑ ቁጥር፣ ታጉና የፈላጊዎቹ ብዛት። ቆጠራው ዜሮ ሳይደርስ ከቺፑ ላይ አይሰረዝም። ትምህርት ቤቱ ያሉት ሦስት ቪላኖች ናቸው፤ ሦስት ትውልድ መቁጠር ማንንም አያደክምም።

ዳታ ስትራክቸር ለምትማሩ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ፈተናው "የቱ ይፈጥናል?" ይላችኋል። ሥራ ላይ ግን መጀመሪያ ሌላ ጠይቁ፦ ስንት ነው? ማን ይጠይቀዋል? ማንስ ይሰርዘዋል?

ስዊች ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ምን ትመርጡ ነበር? ኑ እንከራከር።