የጥንት መርከብ ስለሚወዱ ሰዎች

ሰው ያረጀውን ነገር አብዝቶ የሚወደው ድካሙ ከወጣለት በኋላ ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ደጀን መጥቶ በጠየቀኝ ጊዜ በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ «አሜሪካን ኵዊን» በምትባል መርከብ መንሸራሸሩን አጫወተኝ። መርከቢቱ የተሠራችው በ1995 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)፤ መልኳ ግን የጥንቶቹን የእንፋሎት መርከቦች እንዲመስል ተደርጎ ነበር። በስተኋላዋ የነበረውን ቀይ መንኰራኵር ያዞር የነበረው ሞተር በ1932 ከተሠራ ሌላ መርከብ የተወሰደ ነበር፤ ከሥር ደግሞ የዘመኑ ሞተሮች ያግዙት ነበር። ከ400 በላይ መንገደኛ በምንጣፍና በሙዚቃ ታስተናግድ ነበር። ኩባንያው በ2024 ተዘጋ።

«የድሮውን ዘመን ኖርኩት ጋሼ» አለኝ።

ደስታውን አልነቅፍም፤ በላቡ ባገኘው ገንዘብ ነው ያረፈው። ነገር ግን የድሮው ዘመን ያ አልነበረም። በዚያው ወንዝ ላይ በ1865 «ሱልጣና» የምትባል መርከብ 376 ሰው እንድትይዝ ተፈቅዶላት ሳለ ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ጭና ስትሄድ፥ ውሃ የሚፈላባቸው ጋኖቿ ፈንድተው ከ1,000 በላይ ነፍስ ጠፋ። ከእነዚህም የሚበዙት ከምርኮ ተፈተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ይህን ከቲኬቱ ጋር አብሮ የሚገዛ የለም።

«ታዲያ በጣናም ላይ እንዲህ ያለ ቢሠራልን ምን አለበት?» አለኝ።

በጣና እኮ የጥንቱ ጀልባ ገና አልሞተም። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ምስማር አያውቅም፤ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ከጣና ደንገል አስቈርጦ፥ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ባለሙያዎች «ራ» የምትባል ጀልባ በግብፅ አሠርቶ፥ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞከረ። ያቺ ከመንገድ ቀረች፤ ሁለተኛይቱ ግን በ1970 በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ዓለምም አጨበጨበ።

በአገራችን ደንገል አጭደው ታንኳ በማሰር የታወቁት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ እንደ እኛ አማርኛ ይናገራሉ። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ስንት ዘመን ተንቀው ኖሩ! ጨዋ ነኝ የሚለው ሁሉ በታንኳቸው እየተሻገረ ከማዕዳቸው ይሸሽ ነበር። እኔ የተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፉ ጋር መጋዝና መዶሻ ያስጨብጠን ስለ ነበር፥ በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ ምን ጊዜም አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ተማሪዬን ጠየቅሁት፤ «በታንኳው ለመንሸራሸር ብትከፍል፥ ከሠሪው ጋር በአንድ ገበታ ትቀርባለህ?»

ጥቂት ዝም አለ። «እኔስ እቀርባለሁ» አለ በኋላ፤ «እናቴ ግን የበላበትን ሳህን ለብቻው ታስቀምጠዋለች።»

እናቱ ባሕር ዳር ናቸው። በማግሥቱ ሊጠይቃቸው በአውቶቡስ ተሳፈረ።