ስለ ጣናና ስለ ጎንደር ጉዞ፤ የተበተነውም ፎቶግራፍ እንዴት እንደ ተሰበሰበ

ሰው አገር አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀድሞ ለዘመድ ወዳጁ ይዞለት የሚገባው ወሬና የመንገድ በረከት ነበረ። ዛሬ ግን ከወሬውም ከበረከቱም በፊት የሚጠየቀው ፎቶግራፍ ሆኗል። ፎቶግራፍ ማንሣት እጅግ ሲቀል፤ የተነሣውን ሰብስቦ ማኖርና ለሚገባው ሰው ማካፈል ግን እንዳልቀለለ በራሳችን ላይ ከደረሰው ነገር ተምረናልና ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፤ ከሦስት ቤት የተውጣጣን 11 ሰዎች በአንድ የኪራይ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሣን። የጉዟችን ምክንያት አክስታችን ነበሩ። እሳቸው ጎንደር ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ አገራቸውን ተመልሰው አላዩም ነበር። ዕድሜያቸው 78 ዓመት ሲሞላ፤ «ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳልሳለም አልሙት» ስላሉ፤ ቃላቸውን ለመፈጸም ሄድን።

በመጀመሪያው ቀን ደብረ ሊባኖስን ተሳልመን፤ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፤ ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግሥቱ ባሕር ዳር ገባን። በሦስተኛው ቀን በሞተር ጀልባ ጣናን ተሻግረን ዘጌ ደረስን። ከጀልባው ማረፊያ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ያልፋል። የመቅደሱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሁላችን ይልቅ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የሰነበተው የእኅታችን ልጅ ነበረ። እርሱም ወደ ጀልባው ሲመለስ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ባሕሩ ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ ሁላችን ያዘንነው ስለ ስልኩ ዋጋ ብቻ ነበረ።

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፄ ፋሲል ከተማይቱን የቆረቆሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ዓ.ም. ሲሆን፤ የነገሥታቱ ግቢ በዚሁ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በገባን ጊዜ አክስታችን ቀና ብለው፤ በጣራው ላይ በመደዳ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች እያዩ ብዙ ቆሙ። ሲያለቅሱም አየናቸው። እኛ ግን የመላእክቱን ፊት እናነሣ ነበርና የአክስታችንን ፊት ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከተመለስን በኋላ አንዱ ጥቂቱን በቴሌግራም፤ ሌላው ጥቂቱን በዋትሳፕ ላከ፤ የቀረውም «ነገ እልካለሁ» እያለ ቆየ። ሰብሳቢ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር አክስታችን ዐረፉ። ለአርባቸው ፎቶግራፋቸው በተፈለገ ጊዜ የሁላችንን ስልክ አንድ በአንድ መረመርን። ከ2,000 የሚበልጥ ፎቶግራፍ አገኘን፤ ግንቡ፤ ጀልባው፤ ምሳው ሁሉ ነበረ። አክስታችን ግን በአንዱ ጀርባቸው፤ በሌላው የነጠላቸው ጫፍ ብቻ ይታያል። ፊታቸውን ያነሣው ያ ከባሕር የገባው ስልክ ነበረ። በዋትሳፕ የተላከልን አንድ መልካም ፎቶግራፍ ቢገኝም፤ መላኪያው ለፍጥነት ብሎ የሥዕሉን ጥራት ይቀንሳልና፤ ፎቶ ቤት ወስደን ቢያሳድጉት ፊታቸው እንደ ጉም ሆነ።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራችን የምስክር ስም ስንመዘግብ እንውላለን፤ ነገር ግን አንድ ምስክር ዘንግተን ኖሯል። ከጎንደር በተነሣንበት ጧት ሾፌሩ፤ «እስቲ አንድ ላይ ቁሙ» ብሎ በራሱ ስልክ አንሥቶን ነበር። የስልኩ ቁጥር በኪራዩ ውል ላይ ተጽፎ በሣጥናችን ሳለ፤ ከዓመት በላይ የጠየቀው አልነበረም። በደወልንለት ጊዜ፤ «እኚያ እናት ዐረፉ እንዴ?» ብሎ አዘነ። ቀጥሎም፤ «ፎቶግራፉ አለ፤ የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለን። በዚያው ቀን ላከልን። 11 ሰዎች በሙሉ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ያ ብቻ ነው። አክስታችን በመካከል ቆመው፤ እኛ ሁላችን ወደ ስልኩ ስንመለከት እሳቸው ወደ ከተማቸው ይመለከታሉ። በአርባቸው ቀን ሾፌሩን ጠርተን ከቤተ ሰቡ ጋራ አስቀመጥነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። ለጉዞ የሚነሣ ቤተ ሰብ ስንቁን የሚይዝ ሰው እንደሚመርጥ፤ ፎቶግራፉንም የሚሰበስብ አንድ ሰው አስቀድሞ ይምረጥ። መረብ ባለበት፤ በጉግል ፎቶስ ወይም ይህን በመሰለ ሌላ ቦታ የጋራ አልበም ከፍቶ፤ ሁሉም የዕለቱን ማታ ማታ ያስገባ። መረብ በሌለበት ወደ አንድ ኮምፒውተር ይገልብጥ። እኛ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ባደርንበት ሌሊት ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ፤ ባሕሩ የሁለት ቀን ፎቶግራፍ ባልወሰደብን ነበር። በቴሌግራም የሚልክም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ይላክ።

ሁለተኛ፤ ስም ይጻፍ። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ማንነታቸው ስለ ታወቀ ዛሬም የሚያያቸው ሁሉ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ይላል። ስምና ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ግን ቁጥር እንደ ሌለው መዝገብ ነው፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ፤ «ይህች ሴት ማን ናት?» ቢባል የሚመልስ አይገኝም።

ሦስተኛ፤ ለብዙ ሰው ከመላክ በፊት በፎቶግራፉ ያለውን ሰው ማስፈቀድ ይገባል። ሲያለቅስ ወይም ተኝቶ ሳለ የተነሣ ሰው፤ ሕፃንም ቢሆን፤ ክብር አለውና።

በመጨረሻም ከብዙው ጥቂቱን መርጦ በወረቀት ማሳተም መልካም ነው፤ ስልክ የማይዙ ሽማግሌዎች በእጃቸው ይዘው ያዩታልና። እኛም 40 ፎቶግራፎች አሳትመን ለሦስቱ ቤት ሦስት አልበም አደረግን። በመጀመሪያው ገጽ ያ የጎንደሩ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ የ11ዱን ሰዎች ስም በቆሙበት ተራ ጻፍን፤ ቀጥሎም የአንሺውን ስም 12ኛ አድርገን ጨመርን።