የአባታችን ትከሻ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። በእናንተ ቤት እንዳይደገም ብለን ነው።

አባታችን ስትሮክ ሲመታቸው ደባርቅ ነበሩ። ለፈጅር ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎንደር አመጣናቸው። አላህ አተረፋቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ከሆስፒታል ሲወጡ አዲስ ዓለም ካለው ቤታችን አስገባናቸውና እኛ ልጆቻቸው በተራ ማስታመም ጀመርን።

የምናስታምማቸው ከልባችን ነበር፤ እውቀት ግን አልነበረንም። ከአልጋ ስናነሳቸው ብብታቸውን ይዘን ወደ ላይ እንስባለን። ውዱእ ስናስደርጋቸው የማይንቀሳቀሰውን እጅ ጎትተን እናጥባለን። ሲቀመጡ እጃቸው እንደ ረጠበ ጋቢ ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። በሁለተኛው ወር ትከሻቸውን ያማቸው ጀመር። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ሸሚዝ ማልበስ ጭንቅ ሆነ። "ብርድ ገብቶት ነው" ተባለ። ወጌሻ ጠርተን እጁን አሳሽተን አስጎተትን። አባታችን ያን ቀን የጮኹትን ጩኸት ዕድሜያችንን ሙሉ ሰምተነው አናውቅም።

በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ ወሰድናቸው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ ፊዚዮቴራፒስቶችን የሚያሰለጥንባት ከተማ ናት። እኛ ግን ሙያው ለተጎዳ ኳስ ተጫዋች ብቻ ይመስለን ነበር።

ባለሙያዋ ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ትከሻ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ አብልጦ የሚዞር ነው። የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም፤ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳለ ሎሚ ነው። እንዳይወርድ የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ እነሱን ሲያዝላቸው የእጁ ክብደት ብቻውን መገጣጠሚያውን ወደ ታች ይስበዋል። ውሎ ሲያድር ደግሞ ጡንቻው ይገታል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በዚህ ላይ ሰው ሲጎትተው ጉዳት ይጨመራል። እኛ ተያየንና አንገታችንን ደፋን። የጎተትነው እኛ ነን።

ከዚያ የተማርነው ይህ ነው። ሲቀመጡም ሲተኙም የታመመው ክንድ ትራስ ላይ ይረፍ። ስናነሳቸው ወገባቸውን እንጂ ብብታቸውን ወይም እጃቸውን አንይዝም። ልብስ ሲለብሱ የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቁ በመጨረሻ ይወጣል። የታመመው ቀኝ እጃቸው ነውና በቀኝ መልበስ፣ በግራ ማውለቅ ከለመዱት ሱና ጋር ገጠመላቸው፤ ፈገግ አሉ።

እንቅስቃሴውም ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ይነጠፋል፤ ደህናው እጅ የታመመውን ይዞ በዝግታ ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፣ ይመልሰዋል። ሁለቱን ትከሻ ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ አለ። ሕመም ሲጀምር ይቆማል። እጅን በግድ ከትከሻ በላይ ማንሳት፣ ከጣራ ገመድ አንጠልጥሎ መሳብ ግን ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚስማማው ይለያያልና መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

የከበደን እንቅስቃሴው ሳይሆን በየቀኑ አለማቋረጡ ነበር። መላውን ያገኙት አባታችን ናቸው። ተቀምጠው ከሰገዱ በኋላ ከየሶላቱ ቀጥሎ አሥር ጊዜ ያንሸራትታሉ፤ ቁጥሩን የሚይዙት በ"ሱብሓነላህ" ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ማንም ሳያስታውሳቸው።

ወራት አልፈዋል። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሌሊት ግን ይተኛሉ። ለተክቢራ ቀኝ እጃቸው በግራው ታግዞ ደረታቸው ድረስ ይደርሳል። ጆሯቸው ጋር ገና አልደረሰም።

ወጣቶች ሆይ! የወላጆቻችሁን የደም ግፊት አስለኩ፤ ለስትሮክ ዋናው መንስኤ እሱ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ድረሱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ አደራ፣ ያን እጅ አትጎትቱት። ያ እጅ አዝሎ ያሳደገን ነው። ለወላጅ በጎ መዋል ማወቅንም ይጠይቃል።

አላህ ታማሚዎቻችንን ሁሉ ያሽርልን። አሚን።