ከተሞክሮዬ፦ የጉዳት አበል ለሚጠይቅ የአሜሪካ ጦር ተሰናባች

በአሜሪካ ጦር ያገለገልን የኢትዮጵያ ልጆች ጥቂት አይደለንም። እኔ ከአፍጋኒስታን የተመለስኩት ወገቤንና ጆሮዬን ታምሜ ነው። አበሌን እስካገኝ ድረስ የተማርኩት ይኸው።

1. አበሉ ምጽዋት አይደለም። በአገልግሎት ለደረሰ ጉዳት ሕግ የደነገገው ካሳ ነው። ሥራ ያለውም ያገኘዋል፤ ግብርም አይቆረጥበትም።

2. ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ሕመሙ ዛሬም መኖሩ፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰው አደጋ ወይም ሕመም፣ የሁለቱ መያያዝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሦስተኛው ስለሆነ ሐኪማችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ሕጉ ለአመልካቹ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ ደግሞ በጦር ሰፈር የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ለተጋለጡ፣ በተዘረዘሩ በሽታዎች ላይ መያያዙን የማስረዳት ሸክም አቅልሏል።

3. አበሉን ለመወሰን በሚደረገው የሕክምና ምርመራ ላይ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አይበጅም። ሕመምን ችሎ ማደር ያደግንበት ጨዋነት ነው፤ መርማሪው ግን የሚጽፈው የሰማውን ነው። "እንዴት ነህ?" ሲላችሁ ሳታጋንኑም ሳትደብቁም ሕመሙ ሲብስ ምን እንደሚያደርጋችሁ ንገሩት፦ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነቁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጫማ ማሰር እንደሚያቅታችሁ፣ ቅዠቱን፣ ሰው መሸሻችሁን። እናንተ መናገር የሚያሳፍራችሁን ባለቤታችሁ አይታዋለች፤ የእሷም ሆነ የጦር ጓደኛችሁ የጽሑፍ ምስክርነት ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።

4. ጉዳቱ የሚለካበት መቶኛ እንዲሁ አይደመርም። 50 በመቶና 30 በመቶ ጉዳት 80 አይሆንም። 30 በመቶው የሚሰላው በቀረው 50 ላይ ስለሆነ 65 ይመጣል፤ እሱም ወደ 70 ይጠጋጋል። ከ30 በመቶ ጀምሮ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ጭማሪ አለ።

5. ቀኑን አስይዙ። ሰነድ ባይሟላም አበል ለመጠየቅ ማሰባችሁን አበሉን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ ከገባና ከተፈቀደ ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ጥያቄው ውድቅ ሲሆንም "ይግባኝ ለክርስቶስ" ብሎ መቀመጥ አይገባም። በ1 ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማመልከት ይቻላል።

6. ማመልከቻ ለሚሞላ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማስከፈል በሕግ የተከለከለ ነው። እንደ አሜሪካን ሌጅን ባሉ የጦር ተሰናባቾች ማኅበራት የሚሠሩ ዕውቅና ያላቸው ወኪሎች በነፃ ያግዛሉ።

እስካሁን ያላመለከታችሁ፣ የስንብት ወረቀታችሁንና የሕክምና መዝገባችሁን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ወኪል ዘንድ ሂዱ። ያልተጠየቀ መብት ቤት ድረስ አይመጣም።