አንገቴ ለትከሻዬ ሲሠራ

ክንድን ወደ ላይ ማንሣት የትከሻ ሥራ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እኔ ይህን የተረዳሁት ባለፈው ክረምት የግቢያችን ጭቃ አንሸራቶኝ በቀኝ እጄ ላይ ከወደቅሁ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አጥንት አልተሰበረም፤ ነገር ግን በትከሻዬ ውስጥ ካሉት ጅማቶች አንዱ በከፊል መቀደዱን ሐኪሙ ነገረኝ።

ሕመሙ ቀለል ሲልልኝ ወደ ዘወትር ሥራዬ ተመለስሁ። ሊጡን አቦካሁ፥ እንጀራውን ጋገርሁ፥ ከመደርደሪያ ሰሐን አወረድሁ። ማታ ማታ ግን አንገቴ እንደ እንጨት ይደርቅ፥ ራሴንም ያመኝ ጀመር። ምክንያቱን አስቀድማ ያስተዋለችው ልጄ ናት፤ «እማዬ፥ እጅሽን ባነሣሽ ቁጥር ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል» አለችኝ።

የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፥ የክንድ አጥንት ራስ ከሚያርፍበት ጉድጓድ እጅግ ይበልጣል፤ ሎሚ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማኖር ያለ ነው። ሎሚው እንዳይንከባለል ይዘው የሚያቆሙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ሲሆኑ፥ ከላይ የሚታየው ትልቁ ጡንቻ ክንዱን ያነሣል። ትንንሾቹ የደከሙ እንደ ሆነ ግን ትልቁ ሲስብ የአጥንቱ ራስ ወደ ላይ ይወጣና ጅማቱን ከበላዩ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ከሚሄደው 180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉ የዚህ መገጣጠሚያ፥ 60 ያህሉ ደግሞ በጀርባ በኩል ያለው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ድርሻ ነው። መገጣጠሚያው ድርሻውን ሲያጓድል ከአንገት የሚወርደው ጡንቻ ጠፍጣፋውን አጥንት ወደ ላይ እየጎተተ ጉድለቱን ይሞላል፤ ወገብም ወደ ጎን ያዘነብላል። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲደክም ሌላው ቀንበሩን ብቻውን እንደሚስብ መሆኑ ነው፤ እርሻው ይታረሳል፥ ትልሙ ግን ይጣመማል።

እኔስ አንገቴን አልነቅፈውም፤ ያለ እርሱ ቤቴ እንጀራ ባላገኘ ነበር። ክፋቱ ሌላው ስለሚሠራለት ደካማው እንደ ደከመ መቅረቱ ነው።

የታዘዘልኝ ሥራ ለሚያይ ሰው የሚያስቅ ነው። በመስተዋት ፊት ቆሜ፥ የታጠፈ ፎጣ በክርኔና በጎኔ መካከል ይዤ፥ የላስቲክ ገመድ ወደ ውጭ እስባለሁ። ባለሙያዋም «እማማ፥ ትከሻዎ ከተነሣ ያቁሙ፤ አንገትዎ እየሠራልዎ ነው» ትለኛለች። የዱቄት ጆንያ ታነሣ የነበረች ሴት በአንዲት ቀጭን ላስቲክ ላብ ሲያጠምቃት ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ይህን ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። እጄ አንገቴን ሳያስቸግር እስከ አገጬ ይደርሳል፤ ከላይኛው መደርደሪያ ያለውን ግን እስከ አሁን ልጄ ታወርዳለች።